ወደ ግብፅ መውረድና የግዮንን ውሃ መጥለፍ፦ ስለ ሕዝቅያስ የተከፈተው ክር

ክሩን፣ ማለት በመድረኩ ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው አቋሙ አጭርና ጠንካራ ነው፦ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው በጎን ሌላ መደገፊያ አያበጅም። መነሻው ኢሳይያስ 31 ነው፤ ለእርዳታ ወደ ግብፅ በሚወርዱ፣ በፈረስና በሰረገላ ብዛት በሚመኩ ሰዎች ላይ ነቢዩ ያሰማው ወዮታ። ከዚያ ተነሥቶ የባንክ ደብተሩም፣ ኢንሹራንሱም፣ እድሩም፣ የሆስፒታል ካርዱም ያው የዘመናችን ግብፅ ነው ይላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንዳስጨነቀው አልደበቀም። ነቢዩ ይህን ሲናገር በይሁዳ የነገሠው ሕዝቅያስ ግንብ ጠግኗል፣ ጋሻና መሣሪያ አሠርቷል፣ የኢየሩሳሌምን ምንጭ የግዮንንም ውሃ ጠልፎ ወደ ከተማ አስገብቷል። ያን ሁሉ ሲያደርግ አምኖ ነው ወይስ ተጠራጥሮ? መምህራን ካላችሁ አርሙኝ ብሎ በትሕትና ነው የጨረሰው።

ሠላሳ ምላሽ ተከተለው። እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ስለሚሄዱ በቁጥራቸው እየጠራሁ እናገራለሁ። አሜን ብለው ብቻ ያለፉትን እዘላቸዋለሁ።

2ኛው ምላሽ ዘመኑን በማስቀመጥ ጀመረ፤ ጥሩ አድርጓል፤ ያለ ዘመኑ ይህ ምዕራፍ አይገባም። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በ705 ቅድመ ክርስቶስ በጦር ሜዳ ሞተ፤ ልጁ ሰናክሬም ነገሠ። ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ትናንሽ መንግሥታት ይህን እንደ ዕድል ቆጥረው አመፁ፣ ሕዝቅያስም ከእነርሱ ጋር ሆነ። ብቻውን እንደማይችል የገባቸው የይሁዳ ሹማምንት ወደ ግብፅ መልእክተኛ ላኩ። ኢሳይያስ 30 ላይ በአህያና በግመል ተጭኖ አንበሳና እባብ ባለበት በረሃ ሲያልፍ የምናየው ሀብት የዚያ ውል ዋጋ ነው። ስለዚህ ወዮታው በደፈናው ማንኛውንም ዝግጅት የሚነቅፍ አባባል አይደለም፤ በአንድ የታወቀ ወቅት በአንድ የታወቀ ውል ላይ የተነገረ ነው። ምላሽ ሰጪው ክር ከፋቹን መምህር እያለ በአክብሮት ነው ያረመው።

3ኛዋ ሰው አላለፈችውም። ውሉ ምን ኃጢአት አለበት? ትንሽ አገር ከትልቅ አገር ጋር ቢወዳጅ ምን ይለዋል? ብላ ጠየቀች። ለእሷ የተሰጠው 4ኛው ምላሽ ከክሩ ሁሉ እኔን የረታኝ ነው። ሰውየው ወደ ሕዝቅያስ አባት ወደ አካዝ ወሰዳት። የሶርያው ረአሶንና የእስራኤሉ ፋቁሔ ኢየሩሳሌምን ሲያስጨንቁ ኢሳይያስ አካዝን ያገኘው በላይኛው ኩሬ መስኖ ጫፍ፣ ወደ አጣቢው እርሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዝም በል፣ አትፍራ፣ ካላመናችሁ አትጸኑም አለው። አካዝ ግን ከቤተ መቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ አውጥቶ ለአሦር ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር ላከ። በ2ኛ ነገሥት 16፥7 ከብሩ ጋር የላከው ቃል ተጽፏል፦ እኔ ባሪያህና ልጅህ ነኝ፣ መጥተህ አድነኝ። የዳዊት ዘር ይህን ቃል ሊል የሚገባው ለማን እንደሆነ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ኃጢአቱ መወዳጀቱ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የሚባለውን ለሰው ማለቱ ነው። የግብፁም ውል ችግር ኢሳይያስ 30፥2 ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ የእግዚአብሔርን አፍ ሳይጠይቁ ሄዱ። በዚያው በመስኖው ጫፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ ቆሞ ሕዝቅያስን መሳደቡን ያስተዋለው ይኸው ሰው ነው። አባት ባላመነበት ቦታ ልጁ ተፈተነበት።

5ኛው ምላሽ የውሃ ሥራ በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ ረጅም ነው፣ ሊነበብም የሚገባው ነው። ግዮን የሚፈልቀው ከጥንቷ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወደ ቄድሮን ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ሥር ነው። ከበባ ሲመጣ ችግሩ ድርብ ነው፦ ውስጥ ላለው ሰው ውሃው ዳር ላይ ነው፣ ውጭ ለሰፈረው ጠላት ግን እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ ከከተማ ውጭ ያሉትን ምንጮች መድፈን፤ 2ኛ ዜና 32፥3 እና 4 የሚናገረው ይህንን ነው። ከዚያ የግዮንን ውሃ በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ወደ ምዕራብ ማውረድ። በመጨረሻ በደቡቡ ጫፍ ውሃውን የሚይዝ ኩሬ ማበጀት። ዋሻው 533 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጫፍ ጫፍ በቀጥታ ቢለካ ግን 320 ሜትር ገደማ ነው፤ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ነው ይህን ያህል የረዘመው። ሁለት ቡድን ከሁለት ጫፍ እየቆፈረ መጥቶ መሐል ላይ ተገናኘ። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ በዚህ ርዝመት ላይ ይህን ያህል ለስላሳ ቁልቁለት መጠበቅ ከባድ ነው፤ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከፍ ቢል ውሃው ይቆማል። መገናኛው አጠገብ የተጀመሩና የተተዉ ቀዳዶች አሉ፤ ቆፋሪዎቹ አቅጣጫ ስተው እንደታረሙ ያሳያሉ። በዐለቱ ላይ የቀረው የመቆፈሪያ ምልክትም ከዚያ ነጥብ ወዲህና ወዲያ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዟል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ የተገኘውንም ጽሑፍ ጠቅሷል፤ ድንጋዩ አሁን ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ነው። ሦስት ክንድ ሲቀራቸው የአንዱ ወገን ድምፅ ለሌላው እንደተሰማ፣ ሲገናኙም ውሃው 1,200 ክንድ ወደ ኩሬው እንደፈሰሰ፣ ከቆፋሪዎቹ ራስ በላይ የነበረው ዐለት 100 ክንድ እንደሚያህል ይናገራል። በምላሹ መጨረሻ ላይ፣ በሚነበበው የዋሻው ጽሑፍ ውስጥ የንጉሥም የእግዚአብሔርም ስም እንደሌለ ሳይቋጥር አስቀምጦት ሄደ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ክሩን ያጋለችው። 6ኛው ሰው መጥቶ ስለ ዘመኑ አጭር እርማት ሰጠ፦ ከሸክላ ስብርባሪው ተነሥተው ቁፋሮው ከሕዝቅያስ በፊት ተጀምሯል የሚሉ የሥነ ቁፋሮ ሰዎች አሉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የካርቦንና የዩራኒየም ልኬት ግን ከ700 ቅድመ ክርስቶስ አካባቢ ጋር ይስማማል። 7ኛው ግን እርማቱን ዘሎ የ5ኛውን መጨረሻ ያዘ። ይኸው፣ የእግዚአብሔር ስም የለበትም! ኢሳይያስ 22 የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የከተማዋን ስንጥቅ ቆጠራችሁ፣ ግንቡን ለማጽናት ቤቶችን አፈረሳችሁ፣ በሁለቱ ግንቦች መካከል የውሃ ማጠራቀሚያ ሠራችሁ፣ ይህን ወዳደረገው ግን አልተመለከታችሁም። ዋሻው ራሱ ያለማመን ምስክር ነው፤ ክር ከፋቹ ትክክል ነው፣ እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ዕውቀታችሁን ታመልካላችሁ ብሎ ደመደመ። ከዚህ በኋላ ነው ወንድሜና እህቴ መባባሉ እየቀነሰ የሄደው።

8ኛው ምላሽ የኢሳይያስ 22ን ጥቅስ አልሸሸም። የፈረሱት ቤቶች ተረት አይደሉም አለ፤ በኢየሩሳሌም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጦርነት በኋላ በአይሁድ ሰፈር በተደረገው ቁፋሮ 7 ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ወጥቷል፣ መስመሩ ላይ የነበሩ ቤቶችን አቋርጦ ነው የተሠራው። ማለት አንድ ሰው ቤቱን አጥቶ ነው የሌላው ግንብ የቆመው፤ ነቢዩ ይህን አይቷል። ነገር ግን ነቀፋው በግሥ ላይ ነው ያለው፤ ሠራችሁ ተብሎ አያበቃም፣ አልተመለከታችሁም ብሎ ነው የሚዘጋው። 2ኛ ነገሥት 20፥20 ያንኑ የውሃ ሥራ ከንጉሡ ሥራዎች ጋር በክብር ይቆጥረዋል። 2ኛ ዜና 32 ደግሞ ምንጩን ከመድፈንና ግንቡን ከመጠገን አያይዞ ሕዝቅያስ ሕዝቡን ሰብስቦ ከአሦር ጋር ያለው የሥጋ ክንድ ነው፣ ከእኛ ጋር ግን እግዚአብሔር አለ ማለቱን ይተርካል። አካፋ ከያዘ እጅና ወደ ላይ ከሚያይ ዐይን አንዱን ምረጡ የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም። ስለ ጽሑፉም የሠራተኞች ማስታወሻ እንጂ የንጉሥ አዋጅ አይደለም፣ ከዝምታው ክህደት አይወጣም አለ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ያልተጻፈን ነገር ማስረጃ ማድረግ ደካማ ሙግት ነው።

ከ9 እስከ 12 ያሉት ከመንገድ ወጡ። 2ኛ ነገሥት 19፥9 ላይ ሰናክሬምን ሊወጋ መጣ የተባለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ተነሣና አንዱ ኢየሩሳሌምን ያዳናት የእኛ ጦር ነው አለ። ሌላው የቲርሐቅ መንግሥት ማዕከል ናፓታ፣ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን እንደነበረና እርሱ ራሱ የነገሠው በ690 አካባቢ ስለሆነ በ701 ጦር መሪ ሆኖ መጥቶ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። የአሦር ጽሑፍ በኤልተቄ ሜዳ የግብፅንና የቲርሐቅን አገር የኩሽን ጦር አሸነፍኩ ስለሚል፣ ያ ጦር ከተማዋን አዳናት ማለት አስቸጋሪ ነው። ይህ መልስ ለዋናው ጥያቄ ጠቃሚ ነበር፤ ግብፅ ቃሏን አልበላችም፣ መጣች፣ አልሆነላትም ማለት ነው። የኢሳይያስ 31፥3 ሐሳብ ያንን ነው፤ ረጂው ይሰናከላል፣ የሚረዳውም ይወድቃል። ግን 11ኛውና 12ኛው ስለ ዘር መሰዳደብ ጀመሩና አስተባባሪው ሁለት አስተያየት አጠፋ።

13ኛው ስለ ገንዘቡ ጻፈ፤ ይህን ብዙ ሰባኪ ይዘለዋል። ሕዝቅያስ ከመታመኑ በፊት ሸብረክ ብሎ ነበር። 2ኛ ነገሥት 18፥14 ላይ ለኪሶ ወዳለው ሰናክሬም ልኮ በድያለሁ፣ የምትጥልብኝን እሸከማለሁ አለ፤ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጣለበት። መክሊቱ በግምት 30 ኪሎ ቢታሰብ ወርቁ ብቻ 900 ኪሎ ነው። ራሱ ያስለበጠውን የቤተ መቅደሱን በር ወርቅ ገፍፎ ከፈለ። የሰናክሬም ባለ ስድስት ጎን የሸክላ ጽሑፍ ወርቁን ያው 30 ይለዋል፣ ብሩን ግን 800፤ 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት ይላል። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ ግን አይልም። ምላሽ ሰጪው የሚለው ይህ ነው፦ ገንዘቡ ተከፈለ፣ ሠራዊቱ ግን አልተመለሰም። በገንዘብ የተገዛ ሰላም ሻጩ ሲፈልግ ዋጋው ይጨመርበታል፤ ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ነው ራፋስቂስን ልኮ ከተማዋን ስጡኝ ያለው። እዚህ ላይ ንጉሡ የሚገፍፈው በር አጣ፤ ልብሱን ቀድዶ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ፣ ሰናክሬም የላከለትንም የማስፈራሪያ ደብዳቤ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው።

14ኛው ከለኪሶ አንድ ነጥብ ጨመረ። ለኪሶ ከኢየሩሳሌም ቀጥላ የይሁዳ ጽኑ ከተማ ነበረች፤ ድርብ ግንብና ትልቅ በር ነበራት። አሦራውያን በደቡብ ምዕራብ ጥግ የድንጋይ ክምር አቀበት ሠርተው ማፍረሻቸውን ገፉበት፤ የከተማው ሰዎችም ከውስጥ በኩል መልሰው ከመሩ፣ አልበቃም። ከነነዌ ቤተ መንግሥት ወጥቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ባለው የድንጋይ ቅርጽ ላይ ሁሉም ይታያል፦ ቀስተኛው፣ ወንጫፊው፣ ዕቃቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ ምርኮ የሚወጡት ቤተሰቦች። ግንብ ያድናል ለሚል ሰው ለኪሶን ማሳየት ይበቃል፤ ግንብ መሥራት ክህደት ነው ለሚል ደግሞ ኢየሩሳሌምን።

ከ15 ጀምሮ ነገሩ ወደ እኛ ቤት መጣ። ሰውየው የኢየሩሳሌም ታሪክ ይቆየን፣ እድር ልተው ወይስ አልተው ብሎ በቀጥታ ጠየቀ። 16ኛው ኢንሹራንስና እድርን መለያየት ያስፈልጋል አለ። ኢንሹራንስ ውል ነው፤ አረቦን ትከፍላለህ፣ በፖሊሲው ውስጥ የተዘረዘረው አደጋ ሲደርስ ይከፈልሃል፣ ያልተዘረዘረው አይከፈልህም። ሰዎች የሚጎዱት የማይካተቱትን ነገሮች ሳያነቡ ስለሚፈርሙና አደጋውን በተወሰነው ቀን ውስጥ ሳያሳውቁ ስለሚቀሩ ነው። ውሉ ልብህን አይጠይቅህም፤ የአካዝን ቃል የምትልለት አንተው ካልሆንክ በቀር። እድር ግን ሌላ ነው። በየወሩ የምታወጣው ገንዘብ ትንሹ ክፍል ነው፤ ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማጓጓዝ፣ ቀብር መሄድ፣ ከኀዘንተኛ ጋር መቀመጥ አለበት፤ መዋጮ ሲያሳልፉም ቀብር ሲቀሩም ቅጣት ያለበት ለዚህ ነው። በእግዚአብሔር ታምኜ እድር ተውኩ የሚል ሰው መከታውን ብቻ የተወ ይመስለዋል፤ የተወው ግን የጎረቤቱን ኀዘን መሸከም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያለውን አባባል እዚህ ጠቀሰ፤ ቦታው ነው።

17ኛው አጥብቆ ተቃወመ። ሰው የሞት ጊዜውን ድንኳን አስቀድሞ ሲያደራጅ ልቡ የት እንዳለ ይታወቃል አለ። 18ኛዋ ያዕቆብ 2፥16ን አንሥታ በደህና ሂዱ፣ ሙቁ፣ ጥገቡ ብሎ ምንም አለመስጠት ሐዋርያው ከንቱ ያለው እምነት ነው ብላ መለሰችለት። አጭር ነበረ፣ በቂም ነበረ።

19ኛው ምላሽ ግን ክሩን ከሙግት ወደ ሌላ ክብደት አወረደው። በጽሑፉ መሠረት አንዲት ሴት የኤች አይ ቪ ቫይረስ ከተገኘባት በኋላ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ፣ እምነትሽ ሙሉ ይሁን፣ ክኒኑን ጣይ ተብላለች። ምን ትበል? የሚል ነው። ክር ከፋቹ ተመልሶ በ20ኛው ላይ የአሳን ታሪክ አመጣ፤ 2ኛ ዜና 16፥12፣ እግሩ ታሞ ባለመድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም።

21ኛው በቁጣ ነው የመጣው፣ ቁጣውም አያስወቅሰውም። ከሙያው እንደሚያውቅ ዝርዝሩ ይናገራል። መድኃኒቱ ሲቆም በደም ውስጥ በምርመራ ጠፍቶ የነበረው ቫይረስ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል፤ ክኒን እያቆሙ መጀመር ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ያፈራል፣ ያኔ የቀድሞው ክኒን ላይሠራ ይችላል። ከቫይረሱ ጋር የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው በድንገት ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል፣ ምክንያቱም በአንዱ ክኒን ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች ሁለቱ ጉበቱንም የሚጠብቁ ናቸው። ጾምም ጸበልም እንቅፋት አይደለም። የተለመደው ክኒን በቀን አንድ ነው፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት ያለበት ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ጸበል የሚጠጣ ሰው ክኒኑን ማታ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ይውሰድ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ከዶሉቴግራቪር ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ክኒኑ ከእርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። አይረንና ካልሲየምም በባዶ ሆድ እንዲሁ ናቸው፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን አብረው መወሰድ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ጾመኛ በተለይ ይህን ትወቅ፤ አይረን ይታዘዝላታል፣ ሰዓቱን ሳታውቅ አብራ በባዶ ሆድ ከዋጠችው የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ክር ከፋቹ ዞሮ፣ አንተ ጥቅስ ስትመዝ ሰው ይሞታል አለው። እርስዎ ከማለት ወደ አንተ የወረደው እዚህ ላይ ነው።

22ኛዋ ሙግቱን በራሱ መጽሐፍ ፈታችው። የአሳ በደል ባለመድኃኒት ማየቱ አይደለም፤ ጥቅሱ እግዚአብሔርን አልፈለገም ይላል፣ ከዚያ በፊት ባለው ክፍል ደግሞ ያው አሳ ለሶርያው ለወልደ አዴር የቤተ መቅደስ ብርና ወርቅ ልኮ ነቢዩ አናኒ ገሥጾታል፤ ከኢትዮጵያዊው ከዝሪ ጋር ሲዋጋ ግን ጮኾ ድል አድርጎ ነበር። ሰውየው የኖረበትን ልማድ ነው በሕመሙም የደገመው። ሕዝቅያስ ግን ለሞት ሲታመም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፣ ወዲያውም ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ ብሎ አስፈለገ፣ በቁስሉም ላይ አደረጉለት፣ ተፈወሰ። ተስፋውን ያመጣው ነቢይ ነው መድኃኒቱን ያዘዘው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መድኃኒት ጣይ የሚል ሰባኪ 2ኛ ነገሥት 20፥7ን እንዴት እንደሚያልፈው አይገባኝም።

23ኛው ሲራክ 38ን ጨመረ፤ መድኃኒተኛን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ምዕራፉ ቅደም ተከተሉንም ያስቀምጣል፣ ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአት ተመለስ፣ ከዚያ ለመድኃኒተኛው ስፍራ ስጠው። 24ኛው ሲራክ ከ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ የለም አለና የቀኖና ክርክር ተነሣ፤ ሁለቱም ወገን ከሴትየዋ ክኒን ራቁ። 25ኛው ቶሎ መለሳቸው፦ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱና ጸበሉ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናግረዋል። ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም በበለስ ጥፍጥፉ ይስማማል፣ ለዚች እህት ይህ ይበቃታል ብሎ ዘጋው። አስተባባሪው ደግሞ ሕክምና አቁሙ የሚል ምክር በመድረኩ እንደማይፈቀድ በቀይ ጽፎ ሰካ።

26ኛው የተናገረው ነገር ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ እኔ ግን እውነት አለበት እላለሁ። እድርንና ሐኪምን ግብፅ የሚሉ ሰዎች ወዲያው የተጸለየበት ዘይት፣ መሐረብ፣ ውሃ በገንዘብ ይሸጣሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ክታብ አስጽፎ አንገቱ ላይ አስሮ በእግዚአብሔር ብቻ ነው የምታመነው የሚል አለ። ግመል ጭነው በረሃ የሚያቋርጡት እነዚህ ናቸው አለ። የሚለይበትንም መንገድ ሰጠ፦ ነገሩ ቢወሰድብህ ጸሎትህ ይቆማል ወይ? ለማግኘት ስትል ዋሽተሃል ወይ፣ ሰው ጎድተሃል ወይ? ዋጋውን የሚከፍለው ማነው፣ አንተ ነህ ወይስ ቤቱ ለግንብ የፈረሰበት ጎረቤትህ?

27ኛው ስለ ሳምናስ ትንሽ ዘወር አለ፤ በዚያው ኢሳይያስ 22 ላይ አገር ልትከበብ ስትል ለራሱ በዐለት መቃብር ያስወቅር የነበረው የቤተ መንግሥት አዛዥ ነው። በሲልዋን መንደር ከተገኙ መቃብሮች አንዱ የአንድ የቤት አዛዥ ነው፣ ስሙ ተሰብሮ መጨረሻው ብቻ ቀርቷል፤ ጽሑፉ እዚህ ብርም ወርቅም የለም፣ የሚከፍት የተረገመ ይሁን ይላል። የሳምናስ ነው የሚሉ አሉ። ማንም አልተከተለውም፤ ባይረሳ ጥሩ ነበር።

28ኛው ዕዝራና ነህምያን አነጻጸረ። ዕዝራ 8፥22 ላይ ከንጉሡ ጭፍራና ፈረሰኛ መለመን አፈረ፤ የአምላካችን እጅ ከሚሹት ጋር ናት ብለን ነግረነው ነበርና አለ፤ ጾመ፣ ሄደ፣ በሰላም ደረሰ። ነህምያ 2፥9 ላይ ግን ያንኑ መንገድ የንጉሡን የጦር አለቆችና ፈረሰኞች ይዞ ነው የሄደው፤ ማንም አልነቀፈውም፤ ኋላም 4፥9 ላይ ጸልዮ ጠባቂ አቆመ። ዕዝራ ያፈረው አስቀድሞ በአፉ የመሰከረውን ቃል በእጁ እንዳያፈርስ ነው። ለአንዱ ጠባቂ መቀበል መታዘዝ ሲሆን ለሌላው ምስክርነቱን መሻር ይሆናል፤ ስለዚህ በእድርና በቁጠባ ጉዳይ አንዱ የሌላውን ሕሊና አይፍረድ። 7ኛው ሰው እንኳ ይህን አልተቃወመም።

29ኛው ክር ከፋቹ ነው። የበለሱን ታሪክ እንደሚቀበል፣ ሴትየዋ መድኃኒቷን እንድትወስድ እንደሚመክር ጻፈ። በግብፁ ውል ግን አቋሙ አልተነቃነቀም፤ ራፋስቂስ ራሱ፣ ጠላት ሆኖ ሳለ፣ ግብፅን የተቀጠቀጠ ሸምበቆ ነው፣ የተደገፈበትን እጅ ይወጋል ማለቱን አስታወሰ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ፤ በአንድ ሌሊት 185,000 የአሦር ጭፍራ ወድቆ የዳነ ንጉሥ እንዴት ተመልሶ ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ያሳያል?

30ኛው ምላሽ ቅደም ተከተሉን አስተካከለለት። መልእክተኞቹን የላከው መሮዳክ ባልዳን በባቢሎን ዙፋን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የነበረው በ703 አካባቢ ነው፤ ከሰናክሬም ወረራ በፊት ማለት ነው። በ2ኛ ነገሥት 20፥6 ላይም ለታመመው ንጉሥ ይህችን ከተማ ከአሦር ንጉሥ እጅ አድናታለሁ ይባልለታል፤ ከተማዋ ገና አልዳነችም። መልእክተኞቹ የመጡት ስለ ሕመሙ ሰምተው ነው፤ ዓላማቸው በአሦር ላይ ጓደኛ መፈለግ ነበር ቢባል ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ለእነርሱም ያሳያቸው ብርና ወርቅ፣ ሽቱና የመሣሪያ ቤት ሙሉ ነበር፤ በ18፥15 ላይ ግን በቤቱ ግምጃ የተገኘውን ብር ሁሉ ለአሦር ሲያስረክብ እናያለን። በመጽሐፉ ምዕራፍ 20 ከ18 በኋላ ቢመጣም ድርጊቱ ይቀድማል። ለባቢሎን ያሳየው ግምጃ ለሰናክሬም የተራገፈው ግምጃ ነው፤ ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት የዘረጋውም ከተራገፈ በኋላ ነው።